ማራኪን ይዞ የሄደው አውቶቡስ

1

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ ደምሰው፤ ወራጅ ግን አልነበረም። ወርዶ የቆመው እሱ ራሱ ነው። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ፣ ከፌርማታው ወጥቶ፣ ዋናውን መንገድ ይዟል። በደምሰው ቀኝ እጅ የታጠፈ የልጅ ጋሪ አለ። በግራ እጁ ምንም የለም። የአራት ዓመት ልጁ ማራኪ አውቶቡሱ ውስጥ ናት።

2

ውስጥ።

ከማን ጋር? ከአንዲት ሴትዮ ጋር።

ሴትዮዋ ማናት? እሱን እንጃ።

3

ቀስ እንበል። እኔም ደምሰውም ተደናግጠናል፤ ሁለት የተደናገጡ ሰዎች አንድ ታሪክ ይዘው ሲሮጡ ደግሞ መጨረሻው አያምርም። ስለዚህ ነገሩን በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ። ቁጥር ሲኖር ሁሉም ነገር በሥርዓቱ የሚሄድ ይመስላል። አውቶቡሶቹም ቁጥር ነበራቸው፤ ምን ሊጠቅም።

ደምሰው ደብረ ብርሃን ላይ መድኃኒት መደብር አለው። እዚህ የመጣው በሚስቱ በፀዳለ ዕድል ነው። የባንክ ዕጣ ወጣላት፦ ለመላው ቤተሰብ የመዝናኛ ጉዞ፣ ባህር ማዶ፣ በረሃ መሃል ወደተሠራ ትልቅ የጨዋታ ከተማ። ከተማ ያልኩት ሳላጋንን ነው። መናፈሻው ብዙ፣ ሆቴሉ ከመናፈሻው የበዛ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ሁሉም በነፃ አውቶቡስ ነው የሚመላለሰው። ትናንት ሲዞሩ ውለው የፀዳለ እግር አበጠና ዛሬ ሆቴል ቀረች። «በል አንተ አዙራት» አለችው። አዞራት።

4

መመሪያ፦ አውቶቡስ ውስጥ ልጅን ለማያውቁት ሰው ስለ መስጠት

አውቶቡሱ ሞልቷል። ቆመሃል። ልጅ ታቅፈሃል። የተቀመጠ ሰው አጠገብ ተጠጋ፤ እናት ብትሆን ይመረጣል። እንዳትጠይቅ። አንተ ሳትጠይቅ እሷው «አምጣት ልያዝልህ» ትልሃለች። «ኧረ ግዴለም» በል። እሷ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች «አምጣት እንጂ፣ ምን ችግር አለው» ትላለች። ስጣት። ልጅህ በሰው ጉልበት ላይ ሆና በመስኮት መኪና ስታይ ትሄዳለች። መውረጃህ ሲደርስ ተቀበላት። «እግዜር ይስጥልኝ» በል።

አለቀ። ስሟን አትጠይቅም። እሷም ያንተን አትጠይቅም።

ለዘንቢል፣ ለደብተርና ለዶሮም ያው ነው።*

* ዶሮ ከሆነ እግሩ መታሰሩን አረጋግጥ።

5

እንግዲህ ደምሰው መመሪያውን አንድም ሳያጓድል ነው የፈጸመው። ይህን መካድ አይቻልም።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። እሱ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ማራኪን ታቅፎ በሌላው ጋሪውን ይዟል፤ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ሦስቱም አብረው ይወዛወዛሉ። ፊት ለፊቱ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች፤ ጠና ያለች፣ ሰፊ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች፣ ጉልበቷ ላይ ፌስታል ያስቀመጠች። ቀና ብላ አየችው። ማራኪን አየቻት። ከዚያ ፌስታሉን አንስታ እግሯ ሥር አደረገችና ሁለት እጇን ዘረጋች። የሆነ ነገርም ተናገረች። ቋንቋው የማን እንደሆነ ደምሰው አያውቅም፤ ያለችው ግን «አምጣት ልያዝልህ» ለመሆኑ ዛሬም ይምላል።

«ኧረ ግዴለም» አለ በአማርኛ።

ሴትዮዋ እጇን አላጠፈችም።

ማራኪ አንገቱን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። «አልፈልግም» አለች።

«ትንሽ ነው፣ ማራኪዬ። አሁን እንደርሳለን» አላትና ሰጣት።

በሚቀጥለው ፌርማታ ሾፌሩ በመስታወት አይቶ በማይክሮፎን ተናገረ። ሰው ሁሉ ዞሮ ደምሰውን አየ፤ ከዚያ ጋሪውን አየ። አንዱ ወጣት ወደ ውጭ፣ ወደ አውቶቡሱ ሆድ ጠቆመው። ጋሪ ከታች፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው የሚገባው ለካ። ደምሰው ሰው ማስቆጣት የማይወድ፣ በሰው አገር ደግሞ ጭራሽ የሚሽቆጠቆጥ ሰው ነው። ወረደ። ዕቃ መጫኛውን ጎተተ፤ አልከፈት አለው። ከፍቶ ሊያስገባ ሲታገል ከጎኑ በሩ «ፍስስ» አለ።

6

ሄደ።

7

ደምሰው ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ ሮጠ። ከዚያ ደግሞ ጋሪውን ይዞ እንደሚሮጥ ገባው፤ ባዶ ጋሪ ይዞ የሚሮጥ ሰው ስታይ ምን እንደምታስብ አንተው ታውቃለህ። ጥሎት እንዳይሮጥ የማራኪ ሹራብ ውስጡ አለ።

ቀጣዩ አውቶቡስ ወዲያው ደረሰና ዘሎ ገባ። የሾፌሩን ትከሻ ነካ አድርጎ ከፊት ያለውን መንገድ አሳየው። «ያንን ተከተልልኝ፣ ወንድሜ። ልጄ እዚያ ውስጥ ናት።»

ሾፌሩ ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። እዚያ ግቢ ሠራተኛ ሁሉ ለእንግዳ ፈገግ እንዲል ሳይታዘዝ አልቀረም። ከዚያም የመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ቀኝ በታጠፈበት ቦታ ወደ ግራ ታጠፈ።

8

የማራኪ አውቶቡስ ምልክቶች፣ ደምሰው እንደሚያስታውሳቸው፦

ጎኑ ላይ በቀቀን ተስሎበታል። (የሁሉም ጎን ላይ በቀቀን ተስሏል።)

መስኮቱ ጥቁር ነው። (የሁሉም ጥቁር ነው።)

ሾፌሩ መነጽር አድርጓል። (በዚያ ፀሐይ ማን ያላደረገ አለ።)

ውስጡ ማራኪ አለች።

9

ወረደ፤ ተሳፈረ፤ ወረደ። አንዱ ፌርማታ የዝሆን ሐውልት አለው፤ ሌላውም የዝሆን ሐውልት አለው፤ ይኸኛው ዝሆን ያኛው ይሁን ሌላ ግራ ገባው። ሰው ሁሉ አይስክሬም እየላሰ ያልፋል። እኔም በዚህ ቦታ ላይ ደምሰው የት እንዳለ ልነግርህ ብዬ መንገዱን ብስለው ብስለው አልሆነልኝም። አንድ ፌርማታ ላይ ነው። ልጁ የሌለችበት ፌርማታ ላይ።

አንድ ሐሳብ የመጣበት ይሄኔ ነው። አገሩ ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋን ባያውቃትም አውቶቡሱን ያውቀዋል። ረዳቱ በር ላይ አለ፣ ዕቁብተኛው ከኋላ አለ፤ ልጅ ይዛ ልትሮጥ ብትል «አንቺ!» የሚል ሰው ሞልቷል። ለካ ልጁን ይሰጥ የነበረው ለአንዲት ሴት አልነበረም፤ ለተሳፋሪው ሁሉ ነበር። ዛሬ ግን ለማን ነው የሰጣት?

ፈራ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

10

ስልኩ ጮኸ። ፀዳለ ናት።

«ሄሎ፣ የት ደረሳችሁ?»

«እ… እዚሁ ነን።»

«ምሳ በላች?»

«እየበላች ነው።»

«ስጣት እስቲ ላናግራት።»

«አፏ ሙሉ ነው። በኋላ ትደውልልሻለች።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ፀሐዩ ነው» አለ ደምሰው። ዘጋው።

11

«ምን ጉድ ነው የመጣብኝ» አለ ለራሱ፣ ጮክ ብሎ። መጥረጊያ ይዛ ፌርማታውን የምታጸዳ ወጣት ቀና አለች።

«ሐበሻ ነዎት እንዴ፣ ጋሼ?»

ሰዓዳ ትባላለች፤ የሐይቅ ልጅ ናት። ደምሰው የሆነውን ነገራት። ልጁን ለማያውቃት ሴት መስጠቱን ሲነግራት ሰዓዳ አልደነቃትም፤ የደነቃት የአውቶቡሱ መሄድ ነው።

«አብሽሩ ጋሼ» አለችው። «ጥበቃ ጋ እንሂድ። አረብኛውን እኔ እልልዎታለሁ።»

12

ጥበቃው፦ ልጅቷ የት ጠፋች?

ደምሰው፦ አልጠፋችም። አውቶቡስ ውስጥ ናት።

ጥበቃው፦ ከማን ጋር?

ደምሰው፦ ከአንዲት ሴትዮ ጋር።

ጥበቃው፦ ዘመድ ናት?

ደምሰው፦ አይደለችም።

ጥበቃው፦ ስሟ ማነው?

ደምሰው፦ አልጠየቅኳትም።

ጥበቃው፦ ወሰደችብህ?

ደምሰው፦ ኧረ እኔ ነኝ የሰጠኋት።

ጥበቃው፦ ለምን?

ደምሰው፦ ተቀምጣ ነበራ።

(ጥበቃው ወደ ሰዓዳ ይዞራል።)

ጥበቃው፦ አልገባኝም። ይድገመው።

ደምሰው፦ እኔ ቆሜ ነበር። እሷ ተቀምጣ ነበር።

ሰዓዳ፦ ጋሼ፣ እንዲሁ ብነግረው አይገባውም። ቆይ እኔ ላስረዳው።

ሰዓዳ ብዙ አስረዳች። መሃል ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እጇን ዘረጋች፤ የሌለ ልጅ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ጥበቃው አየ፣ አየና ደምሰውን በሌላ ዓይን ይመለከተው ጀመር።

ጥበቃው፦ ልጅቷ የእሱ ለመሆኗ ማስረጃ አለው?

13

ፓስፖርቱ ፀዳለ ጋ ነው። ለፀዳለ መደወል ማለት ደግሞ መናገር ማለት ነው። ደምሰው ስልኩን አውጥቶ የማራኪን ፎቶ አሳየ፤ ኬክ ስትቆርስ፣ ጫማ ስታጠልቅ፣ ስትተኛ። ጥበቃው ትከሻውን ነቀነቀ።

«ፎቶ ማንም ሊያነሳ ይችላል ነው የሚለው» አለች ሰዓዳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ።

ይሄኔ የጥበቃው ራዲዮ ተንኮሻኮሸ። አንዱ ሾፌር ነው፦ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ውረጂ ብትባል እንቢ ብላ፣ ከወንበሯ ንቅንቅ ሳትል አብራው ደጋግማ የምትዞር ሴትዮ አለች። ልጅ ይዛለች። ወደዚህ እየመጣ ነው።

14

መጣ። በቀቀን የተሳለበት፣ ጥቁር መስኮት ያለው፣ ሾፌሩ መነጽር ያደረገ።

ሴትዮዋ እዚያው ወንበር ላይ ናት። ማራኪ እዚያው ጉልበት ላይ ናት፤ አፏ ዙሪያ የብስኩት ፍርፋሪ፣ ጉንጯ ላይ የደረቀ እንባ። ደምሰው ዘሎ ሊገባ ሲል ጥበቃው መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገበት።

መጀመሪያ ሴትዮዋን ጠየቃት፦ ለምን ያዝሻት? የሴትዮዋን ቋንቋ ሰዓዳም አታውቀውም። ስለዚህ በእጇ መለሰች። ደምሰውን ጠቆመች፤ መዳፏን ከፍ አድርጋ የቆመ ሰው አሳየች፤ ከዚያ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች።

ደምሰው ይህን ማንም ሳይተረጉምለት ገባው። እግሯ ላይ ቢወድቅ ደስ ባለው።

«አሁን ልጅቷ ትናገር ይላል» አለች ሰዓዳ። «እርስዎ ግን እንዳይናገሩ፣ ጋሼ። በምልክትም ቢሆን።»

15

ሰዓዳ ማራኪ ፊት ቁጢጥ አለች። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው? ታውቂዋለሽ?»

ማራኪ ደምሰውን አየችው።

አየችው።

አሁንም አየችው። ጥበቃው ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ይጠብቃል፤ ተሳፋሪው አይስክሬሙን ረስቶ ይጠብቃል። ደምሰው ፊቱን ምን ማስመሰል እንዳለበት ጠፍቶበት እጁን አንዴ ኪሱ ይከታል፣ አንዴ ያወጣል። አፏን ስትከፍት ዓይኗ ሰዓዳ ላይ አልነበረም፤ እሱ ላይ ነበር።

«አባዬ» አለች። «ለምን ሰጠኸኝ?»

ሰዓዳ ወደ ጥበቃው ዞረች። የተረጎመችለት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው።

16

ያቺ ቃል በቂ ነበረች። ጥበቃው መዳፉን አነሳ፤ እንደ ሾፌሮቹ ፈገግ አለ። አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከተለ። ሴትዮዋ ማራኪን በሁለት እጇ አንስታ ሰጠችው፤ ደምሰው «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፣ ደጋግሞ። እሷም ፌስታሏን አንስታ ወረደች። ስሟን አሁንም አልጠየቃትም፤ ሲያስበው ሕዝቡ ውስጥ ገብታለች።

ማራኪ እቅፉ ውስጥ ናት፤ ግን አንገቱን አልያዘችም። እጆቿን በራሷ ደረት ላይ አድርጋለች። ፊቱን በቅርብ እያየች፣ ሳትቆጣ፣ ማወቅ እንደፈለገ ሰው ደግማ ጠየቀችው።

«ለምን ሰጠኸኝ?»

ለጥበቃው የሰጠው መልስ አፉ ድረስ መጣ። ዋጠው። ሌላ ፈለገ። ሰዓዳ መጥረጊያዋን ይዛ ዞር አለችላቸው። አውቶቡሱ ሄደ፤ ሌላ መጣ፤ እሱም ሄደ። ማራኪ ትጠብቃለች።

17

መልሱን እስኪያገኝ ቦታውን ባዶ ትቼለታለሁ።

«ማራኪዬ፣





                                        »