የደብሪቱ ቲዩቦች

...አልተገኘም ብለሽ ጻፊ ይላል እንዴ ሰው፣ ደግሞ እንዴት ቀለል አድርጎ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ የላቦራቶሪው አለቃ ዶክተር ኃይለመለኮት፣ ሳምሪ አታካብጂው፣ ማሽኑ ዜሮ ካለ ዜሮ ነው፣ በበሽተኞቹ ደም ውስጥ የካንሰሩ ምልክት አልተገኘም በይና የምርምር ጽሑፉ ይውጣ። ዜሮ። ሳምራዊት እህል በረንዳን እየተጋፋች ታቋርጣለች፣ መንገድ መንገድ ይላል ከኋላዋ ኩንታል የተሸከመ ሰው፣ ዞር ትልለታለች፣ የጤፍ ብናኝ አፍንጫዋ ይገባል፣ ታነጥሳለች፣ ይማርሽ ይላል አንድ ነጋዴ፣ ያኑርህ። የማያውቃት ሰው እንኳ።

በእጇ እኮ ነው ያወጣቻቸው፣ ሴሎች ወደ ውጪ የሚለቋቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች፣ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ፣ ግን የወጡበትን ሴል ወሬ ይዘው በደም ውስጥ የሚዞሩ፣ የጉበት ካንሰር ሲጀምር ሰውየው ሳይሰማው እነሱ ይናገሩ ይሆናል ብላ ነው የተነሳችው፣ ዓመታት የፈጀችበት። ስስ ናቸው። ተራ ፕላስቲክ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፣ ቀልጠው እንደገና ከቀዘቀዙ ይፈነዳሉ፣ ስለዚህ የማይለጠፉበትን ቲዩብ ለምና አስመጣች፣ ከብርዱ የሚጠብቃቸው ስኳር ያለበት ፈሳሽ ውስጥ አደረገቻቸው፣ አንዴ የቀለጠው ተመልሶ እንዳይቀዘቅዝ በጥቂት በጥቂቱ ከፋፈለቻቸው፣ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ በሚደርሰው ፍሪዘር ደርድራ በሩ ላይ እባካችሁ አትንኩ ብላ ለጠፈች። እባካችሁ። ደግሞ ለማን። እሷ ስልጠና እንደሄደች ለሌላ ፕሮጀክት ቦታ ተፈለገ፣ ሁሉም ቀለጠ፣ የእያንዳንዱ በሽተኛ ድርሻ ወደ አንድ ተራ ቲዩብ ተገለበጠ፣ ሥጋና አይስክሬም የሚቀመጥበት ዓይነት ፍሪዘር ውስጥ ገባ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወጣ፣ ታየ፣ ተመለሰ። ማን አዘዘ? እሱ። አልተገኘም የሚለውስ? እሱ።

ሌላውስ እሺ፣ የእትዬ ደብሪቱን ደም ሁለተኛ ከየት ትቀጂያለሽ። ሸማ ተራ ነጠላ የሚሸጡት፣ እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰብስበው፣ ውሰጂ ልጄ፣ ለእኔ ባይደርስ ለሌላው ይደርሳል፣ አሉና ፋሲካን ሳያዩ አረፉ፣ ጉበታቸው። ልቅሶው ላይ ባላቸው ጋሼ ጥጋቡ እጇን ያዙ፣ ከደሟ ያገኛችሁትን መጥተሽ ንገሪኝ። እሺ አለች። ምን ያስብላታል እሺ።

ሸማ ተራ። ጋቢው እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፣ ጋሼ ጥጋቡ ለአንዲት ሴት ጥለት እያሳዩ ቀና ይላሉ፣ መጣሽ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ሴትየዋን ይሸኛሉ። በይው አሁን፣ አልተገኘም በይና ውጪ፣ ማን ያውቅብሻል፣ ኮንትራትሽ የሚታደሰው በዚያ ሰውዬ ፊርማ ነው፣ ቤት ኪራይሽስ። ጋሼ፣ ጠፋ፣ ትላለች። ምኑ? ከእትዬ ደብሪቱ ደም ያወጣነው፣ በደንብ አላስቀመጥነውም፣ ተበላሸ፣ አሁን ሲታይ ባዶ ነው።

የተዘረጋውን ነጠላ ያጥፋሉ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እየገጠሙ፣ እሷ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው? ከረጢቶቹማ ነበሩ ጋሼ፣ ገና ትኩስ እያሉ አይቻቸዋለሁ፣ በሽታውን ይናገሩ እንደሆነ ሳንጠይቃቸው ነው ያጠፋናቸው። እና ምን ብላችሁ ልትጽፉ ነው? ይህችን ፈርታ ነበር። አልተገኘም በሉ ተብለናል። እንዲህ ነዋ፣ ይላሉ፣ ድምጻቸው ከፍ አይልም፣ ሳያማት ሞተች በሉዋ።

ምነው በተቆጧት። በጮኹባት። እሳቸው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ ለካንሰር የዳረጋት የጉበት ቫይረስ እኔም አለብኝ፣ እሷ ስትታመም አብሬ ተመርምሬ ነው ያወቅሁት፣ ከእኔ ውሰጂ፣ አሁን በደንብ አስቀምጪ። ክንዱ ፊቷ ነው፣ ደም ሥሩ ጉልህ፣ ለመርፌ የሚመች፣ ታፍራለች እንደዚያ በማየቷ፣ ይዛው ሄዳ የት ልታስቀምጠው፣ እዚያው? እሱ ጋ? አልወስድም ጋሼ። ለምን? ማስቀመጫ የለኝማ፣ ማስቀመጫ ሳይኖረኝ የሰው ደም አልቀዳም። ጥቂት ይጠብቃሉ፣ ሐሳቧን የምትቀይር መስሏቸው፣ ከዚያ እጅጌያቸውን ይመልሳሉ። ቁልፉ ቶሎ አልገባ ይላቸዋል። ትቆልፍላቸዋለች።

ስልክ። ኃይለመለኮት። ጻፍሽው? በአያያዝ ጉድለት ጠፍተዋል ብዬ ነው የምጽፈው፣ ካልሆነ ስሜን ያውጡት። ሳቅ ይሰማታል፣ ስምሽን ማውጣት ምን ያስቸግራል፣ ጽሑፉ ያለ አንቺም ይወጣል፣ ወንበርሽንም አብረሽ አስረክቢ። ይወጣል፣ አዎ ይወጣል፣ ዜሮው በሚያምር ግራፍ ይታተማል፣ አንድ ሌላ አገር ያለ ሰው ያነበውና የኢትዮጵያ በሽተኞች ደም ውስጥ የለም ብሎ ያምናል፣ እሷ ደግሞ እዚህ ጋቢ ላይ ተቀምጣ። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች።

ጋሼ፣ የእትዬ ማሚቱን ቤት ያውቁታል? ከእትዬ ደብሪቱ ጋር ደም የሰጡት፣ ጭድ ተራ ያሉት። እንዴታ፣ ምን ልትያት ነው? ለእርስዎ ያልኩትን። እና የሌሎቹም ቤት አለ፣ ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ የሰጠ ሰው፣ ትነሳለች፣ ልብሷን ታራግፋለች፣ ቀኝ ይዘሽ ውረጂ ይሏታል፣ ትወጣለች፣ ፀሐዩ፣ ግፊያው፣ ምን ብላ ትጀምራለች፣ እንደምን ዋሉ፣ ያስታውሱኛል፣ ደምዎን የወሰድኩት