የመጀመሪያዋን ሕፃን ማን አዋለደ?

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ጣቷን በአሮጌው የወሊድ መዝገብ የመጀመሪያ መስመር ላይ እንደተከለች ለሥራ አስኪያጁ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችለት። "አዋላጅ" በሚለው ዓምድ ሥር ያለው ፊርማ የአዋላጅ ነርሷ የሲስተር ነው። የዶክተሩ ስም ገጹ ላይ ጭራሽ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ስልኩን ይጎረጉራል። የሆስፒታሉ የአርባኛ ዓመት መጽሔት ከምሳ በፊት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ረቂቁ ደግሞ "የመጀመሪያዋን ሕፃን ያዋለዱት መሥራቹ ዶክተር ናቸው" ይላል።

"የኔ እመቤት፣ ሦስት መጽሔት አንድ ቃል ተናግሮ፣ አንቺ አንድ የተቦጫጨቀ መዝገብ ታቅፈሽ ትሟገቺኛለሽ?"

"ሦስት አይደለም፤ አንድ ነው። የሠላሳኛው ዓመት ከሃያ አምስተኛው ገለበጠ፣ እሱ ደግሞ ከሃያኛው። የፊደል ግድፈቱ እንኳ አልቀረም። ይሄ ግን ልጅቷ በተወለደችበት ሰዓት፣ እዚያው ማዋለጃ ክፍል የተጻፈ ነው።"

"ሲስተር ተሳስተው ቢሆንስ?"

"ሊሳሳቱ ይችላሉ። ቢያንስ ግን እዚያ ነበሩ።"

አንጀቷ አሯል። ከጠዋት ጀምሮ የዕቃ ግምጃ ቤቱን አቧራ ስትውጥ ነው የቆየችው። ጡረታ ለወጡት ለሲስተር ለራሳቸውም ደውላ ጠይቃለች። "ዶክተሩማ ያን ቀን ከተማ አልነበሩም፣ ልጄ" ነበር መልሳቸው፤ "እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም እኮ።" ቅዳሜ በበዓሉ ላይ ፊት ወንበር ተቀምጠው ያንኑ ስህተት ሊሰሙ ነው።

"እሺ፣ የሃያኛውን ማነው የጻፈው?" አለ ሥራ አስኪያጁ። "እሱ ራሱ መጥቶ ያስረዳን።"

ስትሸሸው የነበረው ጥያቄ መጣ። ያኔ በተቀጠረች በሁለተኛ ዓመቷ የቀድሞውን አስተዳዳሪ በሻይ ሰዓት ጠየቀቻቸው፤ ያሉትን ጻፈች። መዝገቡ የነበረው ሁለት በር አልፎ ነው።

"እኔ ነኝ" አለች።

ሥራ አስኪያጁ አሁን ቀና አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዲህማ ከሆነ ለምን በገዛ እጅሽ ራስሽን ታዋርጃለሽ? ተዪው። ማን ያውቃል?"

እስክሪብቶውን ከፊቱ አነሳች። ረቂቁ ላይ የዶክተሩን ስም ሰርዛ የሲስተርን ጻፈች። ከግርጌው አንድ መስመር ጨመረች፦ "ባለፉት መጽሔቶች የወጣው ስህተት ከእኔ የመጣ ነው።" ፈረመችበትና ወረቀቱን ወደ እሱ አዙራ፣ እሱም ፈርሞ እንዲያጸድቀው እስክሪብቶውን አቀበለችው።