መስታወት የመሰለ በር

ሦስተኛውን ዙር ቀለም ረጭታ ስታበቃ የመኪናዋ በር አሁንም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥበጥ ብሎ ቀረ። ጭምብሏን ወደ አንገቷ ዝቅ አድርጋ ተጠግታ አየችው። ከእጀታው በታች ጭራሽ ቀለሙ ወርዶ ተንጠልጥሏል።

አቧራ እንዳይገባ የመኪና ማቆሚያውን ዙሪያውን በላስቲክ ሸፍናዋለች። ውስጡ ያለው ሙቀት አያስተነፍስም። ከቤት ውስጥ ደግሞ አባቷ የተቆለፈውን በር ይደበድባሉ። የቆለፈችባቸው እሷው ናት። ባለፈው ወር ለአፍታ ዞር ስትል ወጥተው ጠፍተው፣ ሁለት ሰፈር አልፈው ከማያውቁት ሰው ደጃፍ ተቀምጠው ነው የተገኙት። ከዚያ በፊትም ይህችኑ መኪናቸውን ከግቢው በር ጋር አላትመዋታል።

ካርታ ሠሪ ነበረች። አባቷን ለማስታመም ብላ የሦስት ወር ፈቃድ ወሰደች፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላት። ታናሽ ወንድሟ ከሌላ ከተማ ሆኖ በየቀኑ ይደውላል። መኪናዋ ትሸጥ ያለው እሱ፣ ገዢ ያገኘውም እሱ። ሰውየው ነገ ከሰዓት ስለሚመጣ በሩን አሳምሪው ብሏታል። እሱ ግን መምጣት አይመቸውም።

የቤቱ መስኮት ተንኳኳ። አባቷ ፊታቸውን ከፍርግርጉ ጋር አጣብቀው በላስቲኩ ክፍተት ያያሉ።

"ቀለምሽ ወፍራም ነው" አሉ። "መርጫውንም አርቀሽዋል። ሳይደርስ አየር ላይ እየደረቀብሽ ነው።"

ቀና ብላ አየቻቸው። ጠዋት ሸሚዛቸውን መቆለፍ አቅቷቸው የቆለፈችላቸው እሷ ነበረች።

"ሲደርቅ በውሃና በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት አስተኚው። ከዚያ ቀለሙ ላይ ቲነር ጨምሪበት። ከአንድ ስንዝር ብዙም አትራቂ።"

አርባ ዓመት መኪና ቀብተዋል። እንዳሉት ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ በሩን ፈገፈገችው፤ የቀረውን ቀለም በቲነር አቀጠነችው። መርጫውን አንስታ ከመኪናዋ በር ፊት ቆመች። ካሁን በኋላ ቢበላሽ ቀለም የላትም። መርጫውን አስቀመጠችውና ሄዳ የቤቱን በር ከፈተችላቸው።

አባቷ ወደ ላስቲኩ ውስጥ እንደገቡ መጀመሪያ ወለሉን ውሃ አርከፈከፉበት፤ አቧራው እንዳይነሳ ነው። ጭምብሏን አውልቃ ፊታቸው ላይ አሰረችላቸው። መርጫውን የያዘው እጃቸው ንቅንቅ አላለም። ከበሩ ጠርዝ ቀደም ብለው ይጀምራሉ፤ ከጠርዙ ካለፉ በኋላ ይለቃሉ። አንዱን መስመር በሌላው ላይ በግማሽ እየደረቡ፣ ሳይቸኩሉ ወረዱ። ሲጨርሱ በሩ ላይ ሁለቱም ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር።

"እንግዲህ ማንም እንዳይነካው" አሉ ጭምብሉን እያወለቁ። "ባለቤቱ መቼ ነው የሚወስደው?"

"የማን ናት መኪናዋ፣ አባዬ?"

"እኔ ምን አውቄ። ሥራ የምትቀበይው አንቺ አይደለሽ?" ቀረብ ብለው አዩዋት። "ልጄ አንቺን ታክላለች። ካርታ ነው የምትሠራው። ሥራ ስለሚበዛባት እኔም ና እያልኩ... ነይ እያልኩ አላስቸግራትም።"

ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻቸው፤ እጃቸውን በሳሙና አጥባ ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ወንድሟ ነው፤ በሩ እንዴት ሆነ ይላል።

"መስታወት መስሏል። አባዬ ነው የቀባው" አለችው። "ሰውየው ነገ ይምጣ። አንተም ልብስህን ይዘህ ና፤ ከአባዬ ጋር እዚህ ነው የምትቆየው። እኔ ሰኞ ቢሮ ሄጄ ወደ ሥራዬ እንዲመልሱኝ እጠይቃለሁ።"

"ቆይ እንጂ፣ እኔ እኮ ሥራ አለኝ፣ እንዲህ በአንድ ጊዜ ብድግ ብዬ..."

"የጠዋቱን አውቶቡስ ያዝ" አለችና ስልኩን አጠፋችው።