ዓይነ ስውሯን ጠቆምኩ

በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው እኛ ቤት ብቻ ነው። አባባ ሳይሞት የገዛው ነው። ቅዳሜ ፊልም ሲኖር በር መዝጋት አይቻልም፤ የዘጋ ሰው ምን ደብቆ ነው ይባላል። እኛ ደግሞ እውነትም ደብቀናል። ወንድሜ ዓምሃ ከኮርኒሱ በላይ፣ ወራጁ ላይ በዘረጋንለት ሳንቃ ተጋድሟል። ጓደኞቹን ቀበሌ ወስዷቸው አልተመለሱም፤ እሱንም ይፈልጉታል። እማዬ ለጠየቃት ሁሉ "ገጠር ሄዷል" ትላለች። ኮርኒሱ አቡጀዴ ነው። አንዴ ቢያስነጥስ አለቀልን።

ከሥሩ፣ ደህናው ወንበር ላይ የሚቀመጠውስ ማን ይመስላችኋል? የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ይገዙ! ሽጉጡን ጭኑ ላይ ያጋድምና "በሉ ጸጥ በሉ፣ ልተርጉምላችሁ" ይላል። ፊልሙ እንግሊዝኛ ነዋ። በየሳምንቱ ይቀጥላል፤ አንድ ሀብታም ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ፣ መርማሪው ቤተሰቡን አንድ በአንድ እየጠየቀ ነው። ጓድ ይገዙ እንግሊዝኛ የሚችለው እንደኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት።

"መርማሪው ምን አለ? ይሄ በዝባዥ የጭሰኛ ላብ ሲመጥ ኖሮ የእጁን አገኘ አለ።"

"እኔ ሻይ አምጡልኝ ያለ ነበር የመሰለኝ" አለች ጎረቤታችን እትዬ ታየች።

ዓምሃ ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ ትምህርት ቤት እያለ አንብቦታል። ብርቱካን ሸጬ ስመለስ በአቡጀዴው ቀዳዳ ታሪኩን ያወራልኛል። ሌላ ምን ሥራ አለው?

አንድ ቅዳሜ፣ ፊልሙ ላይ አንካሳው አትክልተኛ በከዘራ እያዘገመ ብቅ አለ።

"ምስኪን ሠርቶ አደር" አለ ጓድ ይገዙ፣ "እግሩን የሰበረው ጌታው ነው።"

አፌ መች ያርፋል። "ኧረ ውሸቱን ነው! ሰው ከሌለ እንደ ፍየል ነው የሚዘለው" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከመውጣቱ አትክልተኛው ግራ ቀኙን አይቶ፣ ከዘራውን ወርውሮ አጥር ዘለለ።

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

"አንቺ ብርሃኔ" አለ ጓድ ይገዙ፣ "በምን አወቅሽ? እዚህ ቤት ማነው እንግሊዝኛ የሚያውቅ?"

"ምን እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል፣ ጓድ? እሱ ሲመጣ ሙዚቃው ይከብዳላ! ደግሞ ፊቱን አይተውታል? እኔ ብርቱካን ስሸጥ የሚገዛኝንና የሚሰርቀኝን በፊቱ ነው የምለየው።"

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ጭኑን መታ። "እንዲህ ዓይነት ዓይን ነው ያጣነው! ስሚ፣ የዛሬ ሳምንት መጨረሻው ነው። ገዳዩን አሁን ንገሪኝ። ልክ ከሆንሽ ጳውሎስ ታክሲ ማቆሚያ ብርቱካንሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ፤ ፀረ አብዮቱን በፊቱ እየለየሽ ትጠቁሚልናለሽ።"

ገዳዩ የሽማግሌው ሐኪም እንደሆነ ዓምሃ ነግሮኛል። ስለዚህ እንድሳሳት ብዬ ማንም የማይጠረጥራትን ፈለግሁ።

"ዓይነ ስውሯ አክስት ናት።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለሱቁ ጋሽ ሙሐዲን እንባውን እየጠረገ "ግድግዳ ዳብሳ የምትሄደዋ? እሷ እንኳን ሰው ስኳር አታገኝም!" አለኝ። እንደዚያ ቀን መሳቂያ መሆን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ዓምሃ በቀዳዳው "ጎበዝ!" አለኝ። "ሐኪሙ ነው። ሦስቴ አንብቤዋለሁ፣ አትስጊ።"

ቅዳሜ ደረሰ። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ በሩን ቆለፈ። ጓድ ይገዙም ተነስቶ የኛን በር ቀረቀረና "ማንም አይወጣም!" ብሎ ሳቀ። ከሱ በቀር የሳቀ አልነበረም።

መርማሪው ሐኪሙ ፊት ቆመ። እፎይ ልል ነው። ድንገት ዞረና የሻይ ስኒውን ወደ አክስትየዋ ወረወረ።

ቀለበችው!

እጇ ላይ ካቴና ገባ። ለካ ፊልም ሠሪዎቹ ከመጽሐፉ ገዳዩን ቀይረውት ኖሯል።

ከላይ ሳንቃው ሲጥ አለ። ዓምሃ ደንግጦ ተነስቶ ነው። የጓድ ይገዙ አንገት ወደ ኮርኒሱ ሲቃና አየሁ። ምን ላድርግ? "እልልልል!" ብዬ ለቀቅሁት። እትዬ ታየች ምንም ሳይገባት ተቀበለችኝ፣ ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። በገዛ ገመዴ ላይ እልል ያልኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

"ደስታዋን እዩት!" አለ ጓድ ይገዙ ትከሻዬን ይዞ። "ሰኞ ጠዋት።"

ሰኞ ታክሲ ማቆሚያው ጋ ብርቱካኔን ደርድሬ ተቀመጥኩ። አንድ አብዮት ጠባቂ ከኋላዬ አጥር ተደግፎ ቆሟል። ብዙም ሳልቆይ የዓምሃ የክፍል ጓደኛ ጉታ ከሩቅ አየኝ። ፈገግ ብሎ እየመጣ ነው። ዓምሃ ደህና ነው ወይ ሊለኝ ነው፣ አውቀዋለሁ።

"ሂድ ወዲያ!" ብዬ ጮህኩበት። "ደግሞ ልትጨምቅብኝ መጣህ? ዓይንህ አይየኝ!"

ጉታ ደርቆ ቀረ። ከኋላዬ ያለውን ሲያይ ገባው፤ አንገቱን ደፍቶ ተሻገረ።

"ማነው?" አለኝ ጠባቂው።

"ባለጌ ነው። ብርቱካኑን ጨምቆ ጨምቆ ሳይገዛ ይሄዳል።"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና "እስከ ማታ ግን አንድ ሰው ፈልጊ" አለኝ። "ጓድ ይገዙ ባዶ እጅ አይወድም።"

ታክሲ ቆመ። ሰው ወረደ፣ ስንቱ ፊት በፊቴ አለፈ። እኔ ማንንም እንዳልጠቁም ብርቱካኖቼን ብቻ አየሁ።