ያልበራው ሬኒን

አቶ ጀቤሳ የግፊት ክኒናቸውን ከተዉ ወዲህ ልጃቸው ገላኔ እንቅልፍ አጥታለች። ጠዋት ማታ የሚጠጡት የሽፈራው ቅጠል ውሃ ብቻ ነው። ሐኪም ቢመክር፣ ሚስት ብታለቅስ ጆሮ ዳባ ልበስ። ግትር ሰው ናቸው፣ ምን ይደረግ። አንድ ቀን ግን ገላኔ ስትነዘንዛቸው፣ «የላብራቶሪ መሣሪያሽ ቅጠሉ አይረባም ካለ ክኒኔን እውጣለሁ፤ ቃሌ ነው» አሏት።

የማስተርስ መመረቂያዋም ይኸው ነበር፦ ደም ግፊትን ከፍ በሚያደርገው፣ ሬኒን በሚባለው ኢንዛይም ላይ ቅጠሉን መፈተን። ሬኒኑ ከሰው አይቀዳም፤ የሰው ዘረመል በገባባቸው ሴሎች ፋብሪካ ያመርተዋል፣ ለላብራቶሪ ብቻ። ከውጭ አገር እስኪመጣ ክረምቱ ሊያልቅ ደረሰ።

ቦሌ አየር ማረፊያ ሄዳ ሬኒኑን የተረከበች ዕለት አባቷን ላምበረት አጠገብ ባለው ኮሌጇ ቀጥራቸው ነበር። እሳቸውን ዳግመኛ ከየካ አባዶ ማስወጣት ዘበት ነው። በዝናቡ ራይድ ስላጣች ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ሬኒኑ እንዳይሞቅ ካርቶኑ ውስጥ የተደረገው ደረቅ በረዶ መጨስ ጀመረ። ጉድ ፈላ።

«እህቴ፣ ምንድነው የያዝሽው?» አላት ረዳቱ።

ብታስረዳ ማን ይስማት። ወይ ጭሱ ይውረድ ወይ አንቺ ውረጂ ተባለች። አባቷ ተሰላችተው ሊሄዱባት ነው። ቅርብ ነው፣ ሳይሞቅ ይደርሳል ብላ በረዶውን መንገድ ዳር ደፋችው። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ፤ የሬኒኑ ብልቃጥ እዚያው ሞቀች።

ላብራቶሪ ስትደርስ አባቷ አሉ። ሬኒኑ ሲሠራ ፈሳሹ እያበራ፣ ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ ሽቅብ እንደሚወጣ፣ ቅጠሉ ካሸነፈው ግን መስመሩ እንደሚተኛ አስረዳቻቸው። ሬኒኑን ለሁለት ቲዩብ ከፍላ በአንዱ ቅጠሉን ጨመረች፣ በሌላው ለማወዳደሪያ ንጹህ ውሃ።

የቅጠሉ መስመር ተኛ። የውሃውም ተኛ።

«ተኛ አይደል?» አሉ አባቷ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«አባዬ፣ የውሃውም ተኝቷል እኮ። ኢንዛይሙ መንገድ ላይ ሞቶብኝ ነው። ቅጠሉ ይሥራ አይሥራ በዚህ አይታወቅም።»

«ከተኛ አሸነፈው ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። አሁን ደግሞ ነገር አታዙሪ።»

ደስ ብሏቸዋል። እንዲህ ፊታቸው ሲፈታ ካየች ቆይታለች፤ አንጀቷን የቆረጠውም ይኸው ነው። ሌላ ሬኒን ለማስመጣት እንደገና ደጅ መጥናት ሊኖርባት ነው፤ እስከዚያ አባቷ ይቆዩላት አይቆዩላት ማን ያውቃል።

አቶ ጀቤሳ ስልካቸውን አውጥተው ሚስታቸው ወይዘሮ ደሪቱ ጋ ደወሉ። «ክኒኑን ጣዪው። ልጅሽ በመሣሪያ አረጋገጠች» አሉ።

ገላኔ ስልኩን ከእጃቸው ነጥቃ፣ «እማዬ፣ እንዳትጥዪው፣ ስሚኝ» አለች።

እናቷ ግን የምትሰማ አልሆነችም፤ ድምጿ በደስታ ይንቀጠቀጣል። «እሰይ የኔ ልጅ! ይቺ ጎረቤታችን ሸሪፋ፣ ግፊት ያለባት፣ እዚሁ አጠገቤ ናት። የገላኔ መሣሪያ ካለማ ብላ የሷንም ክኒን ልትጥል ተነሥታለች» አለች።