ባለ ሁለት ዓይኑ ፓምፕ

ቀናው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቤት ወጥቶ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው የብረታ ብረት ፋብሪካ ሲገባ፣ የፈረንጅ የማሽን ሥዕል በትልቁ ለመካኒኮች እየገለበጠ እንዲስል ተቀጠረ። ቋሚ ቢሆን የፋብሪካው ቤት ይደርሰዋል። ሚስቱ መሰለችም ከአከራያቸው ከወይዘሮ ፈለቀች ምላስ ትገላገላለች። ሰውዬው የሚጸልየው ለዚህ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከጅቡቲ በመጣው ባቡር የውሃ ፓምፕ ተፈታቶ በሳጥን መጣ። ሥዕሉ ፓምፑን ከጎን ብቻ ያሳያል። ቀናው አየውና አማተበ። በሥዕል ቤት ወግ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ዞሮ በአንድ ዓይን የሚያጮልቀው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ውሃ የሚያጠጣ መሣሪያ ምን በድሎ? ሳጥኑን አስከፈተና ዕቃውን አንድ በአንድ እያየ የፓምፑን ፊትና ሁለቱንም ጎኖች በአንድ ወረቀት ገልጦ ሳላቸው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ አምባው ውጭ አገር ስድስት ወር ተቀምጦ ኮት መልበስ ተምሮ የመጣ ሰው ነው። «ይህ ፓምፕ ነው ወይስ ኪሩቤል?» ብሎ ፋብሪካውን ሁሉ አሳቀበት።

መካኒኩ ሁንዴ ግን አልሳቀም። ያለፈውን ፓምፕ በፈረንጁ ሥዕል ገጥሞ አሥራ አንድ ብሎን ተርፎት ነበር። የቀናውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቢጀምር እስከ ምሳ ሰዓት ፓምፑ ውሃ ተፋ፤ አንድ ብሎን አልተረፈም።

በሳምንቱ አቶ አምባው ለዋናው መሥሪያ ቤት ስለ «አምባው ዘዴ» ሪፖርት ጻፈ። ሹሞቹ ተደነቁና አሠልጣኝ ላኩ። ከእንግዲህ ቋሚ የሚሆነው ሥልጠናውን ወስዶ ፈተናውን ያለፈ ብቻ ነው ተባለ። ቀናውም ሦስት ሳምንት ሙሉ ኋላ ወንበር ተቀምጦ የገዛ ሥዕሉን ተማረ። በእርሳሱም ማስታወሻ ያዘ።

የፈተናው አራት ጥያቄዎች ሥዕል ነበሩ፤ እንደ ውሃ ጠጣቸው። አምስተኛው «ይህን ዘዴ ያፈለቀው ማን ነው?» ይላል። ቀናው ስለ ቤቱ አሰበ፣ መሰለችን አሰበ። በመጨረሻ የራሱን ስም ጻፈ።

ዘበኛው ሳህሌ እንኳ አለፈ። ቀናው ወደቀ። አቶ አምባው አስጠርቶ፣ «ሙያህስ መልካም ነው፤ ታሪክ ይጎድልሃል። ለከርሞ ሞክር» አለው።

ከበሩ ላይ ሁንዴ ይጠብቀው ነበር።

«ምን አለበት ስሙን ብትጽፍለት?» አለው።

«አንተ የማንን ጻፍክ?»

ሁንዴ ባቡር የሚጠብቅ ይመስል ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ።

«ሰባት ልጅ አለኝ» አለ።