የተነሣው ማዕድ

አፈወርቅ በየመናኸሪያው የተጠበሰ ድንችና እርጥብ እየሸጠ የከበረ ነጋዴ ነው። «ቶሎ ጉርስ» በተባሉት ቤቶቹ ወንበር የለም፤ መንገደኛ ቆሞ በልቶ ይሄዳል። ዘንድሮ ግን የክብር እንግዳ የሚስተናገድበት ምግብ ቤት ሊሞክር አሰበና በዘመሮ ከተማ አንድ ቤት አሳደሰ። ጠረጴዛውን ነጭ ጨርቅ አለበሰ፤ ኃላፊነቱንም ድንች ስትጠብስለት ለኖረችው ለኮከቤ ሰጣት። ቃሉ አጭር ነበር፤ «የአገሩ ሽማግሌዎች ስድስቱንም ምግብ በየተራ ቀምሰው ከወደዱት ቤቱን አንቺ ታስተዳድሪዋለሽ። ካልሆነ ወደ ድንችሽ ትመለሻለሽ።»

ቀኑ የፍስክ ነበር። መሪጌታ አትናቴዎስና አቶ ጫኔ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። አፈወርቅ እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ቆመ። መሪጌታ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ማዕዱን ሲባርኩ ኮከቤ የመጀመሪያውን ምግብ አቀረበች፤ በሰፊ ነጭ ሳህን መካከል አንዲት ቁራጭ የበግ ጥብስ።

አቶ ጫኔ ሳህናቸውን አዘንብለው ተመለከቱ። «ጓሳን ይመስላል፤ ሜዳው ሰፊ፣ በጉ ግን አንድ።»

«ዝም ብለህ ብላ፤ ቸግሯቸው ይሆናል» አሉ መሪጌታ በለሆሳስ።

ሁሉም በአንድ ጉርሻ ጨረሱ። መሪጌታም ባለቤቱ በባዶ ሳህን እንዳያፍር ብለው ፈጥነው ተነሡና ስብሐት ለእግዚአብሔር ብለው የምስጋናውን ጸሎት አደረሱ። ኮከቤ ሁለተኛውን ምግብ ይዛ ብቅ ስትል የተቀበላት የሽማግሌዎቹ «አሜን» ነበር።

«ገና አምስት ይቀራል እኮ፣ የኔታ» አለች በድንጋጤ።

«ምነው ቀድመሽ ብትነግሪን፣ ልጄ? ማዕዱ ተነሥቷል። ከዚህ ወዲያ እጅ አይዘረጋም።»

«አልወደዱትም ማለት ነዋ» አለ አፈወርቅ ከበሩ።

«መውደዳችንንም ሳናውቅ አለቀብን እንጂ» አሉ አቶ ጫኔ።

ኮከቤ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ በልቶ የማያውቀውን ጌታዋን አየችው። «የኔታ፣ ጸሎቱ ከደረሰ በኋላ ያልበላ እንግዳ ቢመጣስ?»

«አዲስ ማዕድ ይቀርብለታል። ብቻውንም አይበላም፤ አብረነው እንቀምሳለን።»

«እንግዲያው ጋሽ አፈወርቅ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

«ኧረ እኔ ቆሜም ይበቃኛል» አለ አፈወርቅ።

«ቆሞ የሚበላስ ፈረሴ ነው» ብለው አቶ ጫኔ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

መሪጌታ ወደ ኮከቤ ዞሩ። «አደራሽን፣ በየሳህኑ ማዕድ የምታስከፍቺኝና የምታስዘጊኝ ከሆነ ሠርክ ይደርስብናል።»

ኮከቤ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያም የጌታዋን ሥርዓት ትታ አምስቱንም ምግብ በአንድ ሰፊ ትሪ አቀረበች። መሪጌታ ባረኩ፤ ትሪውም ባዶውን እስኪቀር ተበላ።

«ጋሽ አፈወርቅ፣ ስድስቱም ተቀመሱ። የቤቱ ነገርስ?»

አፈወርቅ ሊመልስ አፉን ሲከፍት መሪጌታ በእጃቸው የያዙትን የመጨረሻ ጉርሻ አጎረሱት። መናገር ቢያቅተው ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ።

«አይታችኋል» አሉ አቶ ጫኔ ለሽማግሌዎቹ።

መሪጌታ ለምስጋናው ሊነሡ ከጀመሩ በኋላ መልሰው ተቀመጡ። «ኮከቤ፣ ጓዳ የቀረ ነገር አለ?»

«ምንም የለም፣ የኔታ።»

«በሚገባ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ያን ጊዜ ተነሡ።